ኩባንያው ሲያድግ ሠራተኛውስ?

ባለፈው ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆመን ነበር። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። በባሌ ከባሕር ወለል በላይ 4,377 ሜትር ከፍ ያለው ተራራ ይህንኑ ስም ስለያዘ፣ አንባቢ ተራራ ወጣን ብሎ እንዳያመሰግነን አስቀድመን እናስታውቃለን፤ የኛው ቱሉ ዲምቱ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ዳርቻ ያለው ሰፈር ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው ከዚህ ሲሆን፣ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ባለመኪናው ሁሉ በበሩ ላይ ዋጋውን እየከፈለ ያልፋል። ከበሩ ወዲህ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት ተሠርተዋል። ብዙም ሳይርቅ፣ ቂሊንጦ ላይ፣ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። እንግዲህ መንገዱም፣ ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም ወዲህ ናቸው፤ ሥራው ግን ወዲያ ቦሌ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር እንኳ የተዘረጋው እስከ ቃሊቲ ነው። ሰልፉ የሚረዝመው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከሰልፉ የተገኘነው ከአንድ የትምህርት ቤት ወዳጃችን ዘንድ አድረን ነው። እርሱም ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በአራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ቦሌ አካባቢ በሚገኝ አንድ የሶፍትዌር ኩባንያ የሚሠራ ወጣት ነው። ስሙንም የኩባንያውንም ስም እንዳንጠራ ለምኖናልና አንጠራም። ኩባንያው የሚሠራው ሱቆችና ደንበኞች በስልክ ገንዘብ የሚከፋፈሉበትን ፕሮግራም ነው። ወዳጃችን የተቀጠረ ጊዜ ሠራተኞቹ ዘበኛውን ጨምሮ ዘጠኝ ነበሩ። ዛሬ ከመቶ በላይ ናቸው።

በእድሜ የገፉት የአቃቂ ሰዎች እንደሚያጫውቱት፣ የዚህ አገር ሠራተኛ በፋብሪካ ጡሩምባ ይነሣ፣ በጡሩምባ ምሳ ይበላ፣ በጡሩምባ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ጡሩምባው ሲጮህ የሰማ ሁሉ የቀኑ ድካም እንዳበቃ ያውቃል። የወዳጃችን ጡሩምባ ግን በኪሱ ውስጥ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይጮሃል። እኛ ባደርንበት ሌሊት እንኳ ሁለት ጊዜ ጮኾ፣ ወዳጃችን ብርድ ልብስ ተከናንቦ በመስኮቱ አጠገብ ላፕቶፑን ሲነካካ አይተነዋል።

«ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል በባንክ መስኮት ላይ ያልሰማ አንባቢ አይኖርም። ይህ ቃል ሲነገር ደንበኛው ተቆጥቶ ይመለሳል፣ ጸሐፊዋም አንገቷን ትደፋለች። ከቃሉ በስተ ጀርባ ግን ስለዚህ ነገር እንቅልፍ ያጣ አንድ ልጅ ብዙ ጊዜ አለ። ወዳጃችን ስለ አንዲት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ያጫወተንን ዘርዘር አድርገን ብንነግር የነገሩ ጠባይ ይገባል።

በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በፕሮግራሙ ላይ አንዲት ትንሽ ማሻሻያ አስገብቶ ነበር። ፕሮግራም ጸሐፊዎቹ ሁለት ብቻ ነበሩና ሥራውን የሚመለከትለት ሰው አልነበረም፤ ሁለተኛው ለበዓል ወደ ደብረ ብርሃን ሄዷል። ምሽት ላይ የገበያተኛው ብዛት መስመሩን አጨናነቀው። አንድ ሰው ሲከፍል ከባንኩ በኩል የሚመጣው መልስ ዘገየ፤ ፕሮግራሙም መልሱ ሲዘገይበት ክፍያው ያልደረሰ መስሎት ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ላከ። ባንኩ ግን የመጀመሪያውንም ተቀብሎ ነበር። ስለዚህ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ከፈለ። ለዚህ በሽታ የታወቀ መድኃኒት አለው፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም ቁጥር መስጠት ነው። ያው ቁጥር ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ተቀባዩ «ይህንንማ አይቸዋለሁ» ብሎ ይመልሰዋል። ወዳጃችን በማሻሻያው ውስጥ ሳያውቅ ያጠፋው ይህንኑ ቁጥር የሚያስተላልፈውን መስመር ነበር።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ስልኩን ሲያነሣ የአንዲት ሴት ድምፅ ሰማ። «ልጄ፣ የዶሮዬን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ወሰዳችሁብኝ እኮ፤ ነገ በምን ልዋል?» አሉት። «እማማ፣ ይመለስልዎታል» ቢላቸው፣ «መቼ?» አሉት። መቼ እንደሆነ አላወቀም። የስልክ ቁጥራቸውን ተቀብሎ ከራሱ ደመወዝ ላከላቸውና ወደ ሥራው ተመለሰ። ጥፋቱን አግኝቶ እስኪያቃና፣ የእያንዳንዱንም ደንበኛ ሒሳብ እስኪያስተካክል ነጋ። በማለዳ የኩባንያው ባለቤት ከቤታቸው ድፎ ዳቦ አስይዘው መጡ። እዚያው በጠረጴዛው ላይ ቆርሰው አብረው በሉ። «ኩባንያው የናንተም ነው፤ ሲያድግ ድርሻ ይኖራችኋል» አሉ ባለቤቱ። ወዳጃችን እስከ ዛሬ ከሠራባቸው ቀኖች ሁሉ የተደሰተበት ያን ቀን መሆኑን ሲነግረን አላመንነውም ነበር፤ ፊቱን አይተን ግን አመንን።

እንዲህ ያለው ኩባንያ በአገራችን ዛሬ ብርቅ አይደለም። ሳምራዊት ፍቅሩ «ሃይብሪድ ዲዛይንስ» የተባለውን ኩባንያ መሥርተው «ራይድ»ን ያቋቋሙት፣ ማታ ከሥራ ሲወጡ ታክሲ ማግኘቱና በዋጋ መከራከሩ ስላስመረራቸው ነው። አገልግሎቱ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ተጀምሮ በኋላ ወደ ስልክ አፕሊኬሽንና ወደ 8294 የጥሪ ቁጥር አደገ። አሁን የአዲስ አበባ ሰው የሌላውን ኩባንያ መኪና እንኳ «ራይድ» ብሎ ሲጠራ ይሰማል። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከፈተ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ኤም ፔሳን አስከተለ። ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ወጣት በየቦታው ተፈላጊ ሆነ። የመሥራቾቹን ታሪክ ጋዜጣው ይጽፈዋል፤ መጻፉም የሚገባ ነው። ነገር ግን በ8294 ስልክ ላይ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ «የት ነው ያሉት?» የምትለው ልጅ ቀኗ እንዴት እንደሚውል የጻፈ ሰው አላየንም። ይህን ስንል እኛም እስከ ዛሬ ከማይጽፉት አንዱ ነበርን።

ወደ ወዳጃችን እንመለስ። ሠራተኛው ሃያ ሲሆን ምሳ ከአንድ ትሪ መብላቱ ቀረ። አርባ ሲሆን ክፍሎች ተከፋፈሉ፤ ስድሳ ሲሆን በአንገት የሚንጠለጠል መታወቂያ መጣ። ሰማንያ ሲሆን በአሳንሰር ውስጥ የሚያገኘውን ሰው ስም የማያውቅ ሆነ። ባለቤቱን ቀድሞ በስማቸው ይጠራቸው ነበር፤ አሁን ለማነጋገር ለጸሐፊያቸው ቀጠሮ ያስይዛል። ባለፈው ዓመት እንደዚያ እንደ እንቁጣጣሹ ያለ ሌሊት ደግሞ ገጠመው፤ እንደዚያውም እስኪነጋ ሠራ። በማለዳ የጠበቀው ግን ድፎ ዳቦ ሳይሆን «ለተፈጠረው የአገልግሎት መቋረጥ በጽሑፍ ማብራሪያ እንዲሰጡ» የሚል ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤውን የጻፈው ወዳጃችን ራሱ ፈትኖ ያስቀጠረው ልጅ ነው።

እኛ በዚህ ባለቤቱን ለመውቀስ አንቸኩልም። መቶ ሰው ከአንድ ትሪ አይበላም። ዘጠኝ ሰው በጩኸት የሚግባባውን መቶ ሰው ያለ ደብዳቤ ሊግባባው አይችልም። በዚያ ላይ ባለቤቱም የማይተኙበት ምክንያት ብዙ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል በተቋረጠ ጊዜ ወዳጃችን ገና ተማሪ ነበር፤ የቀድሞዎቹ ሠራተኞች እንደሚነግሩት ግን ባለቤቱ በዚያ ወር ደመወዝ የከፈሉት መኪናቸውን ሸጠው ነው። ይህ መረሳት የለበትም።

ደብዳቤ ካስፈለገ ግን ለሁሉም ያስፈልጋል፤ ጥፋት ሲሆን በጽሑፍ፣ ተስፋ ሲሆን በቃል መሆኑን አልወደድነውም። በጽሑፍ ያለውን አንዱን እንጥቀስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል። ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን የመደበኛው አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሲሆን 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የእንቁጣጣሹን ሌሊት ሒሳብ ከወዳጃችን ጋር ለማውጣት ሞክረን ነበር፤ በዓሉ ኮምፒዩተሩ እንደሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ይጀምር ወይስ እናቶቻችን እንደሚቆጥሩት ከንጋት ብለን ስንከራከር ታክሲው መጣ።

ክርክሩ ግን ሌላ መሰናክል ነበረበት። በወዳጃችን መታወቂያ ላይ «ማናጀር» የሚል ተጽፏል። አዋጁ የሥራ መሪ የሆነውን ሰው አይመለከትም፤ ስለዚህ የሰው ኃይል ክፍሉ «አንተ ኃላፊ ነህ፤ ትርፍ ሰዓት የለህም» ብሎታል። ለመሆኑ የሥራ መሪ ማን ነው? በአዋጁ ትርጓሜ የድርጅቱን የሥራ አመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበትና የመሳሰለው ሥልጣን ያለው ነው። ወዳጃችን አንድ ሰው መቅጠር ቀርቶ የቢሮውን ወንበር ለማስለወጥ ሦስት ፊርማ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ማናጀር ያደረገው ካርዱ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ለመሳቅ እኛም ድፍረቱ የለንም። እንደ ተመረቅን በአንድ እንዲሁ በማደግ ላይ በነበረ ድርጅት ስምንት ወር ሠርተን «የይዘት ክፍል ኃላፊ» ተብለን ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለነው እኛ ብቻ ነበርን። ማዕረጉን በሰማን ቀን ግን ለእናታችን ደውለን ነግረናል፤ እናታችንም ለጎረቤት ነግረዋል። ደመወዙ ሁለት ወር ዘግይቶ በግማሽ በግማሹ ሲመጣ ለማንም መንገር አፈርን፤ ኃላፊ ሰው ታክሲ አጣሁ አይልምና።

የወዳጃችን እናት ደግሞ እስከ ዛሬ የሚያነሡበት ሌላ ነገር አለ። ወዳጃችን ወደዚህ የመጣው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ለቅቆ ነው። «ጡረታህን ጣልከው» ይሉታል። በዚህስ እናትዮዋ አልተነገራቸውም። በግል ድርጅት የሚሠራውም ሰው ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በሕግ የጡረታ ባለመብት ነው፤ ከደመወዙ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 ከመቶ ያዋጣሉ። በመንግሥት ቤት ያገለገለበትም ዘመን አብሮ ይታሰብለታል። የመሥሪያ ቤት ወንበር የያዛችሁና ለመልቀቅ የምታመነቱ ወዳጆቻችን፣ ስለ ጡረታው ከምትፈሩ ይልቅ አዲሱ አሠሪ መዋጮውን በየወሩ ገቢ ማድረጉን ጠይቁ። የሙከራው ጊዜም 60 የሥራ ቀን መሆኑን እያወቃችሁ ግቡ።

አሁን የቀረው የድርሻው ነገር ነው። ወዳጃችን ኬንያ ካለ አንድ ድርጅት ጥሪ መጥቶለታል፤ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ተቀምጦ በኮምፒዩተር እንዲሠራ፣ ሰልፍ የማያሰልፈው፣ ክፍያውም ያሁኑን ደመወዝ ሦስት እጥፍ የሚያኽል ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጥ ተብሏል። ታናሽ እኅቱን በግል ኮሌጅ የሚያስተምራት እርሱ ነው። ቢሄድ ግን በድፎው ዳቦ ማለዳ የተነገረው ቃል እዚያው ይቀራል። በታክሲው ውስጥ «ዳቦውን ስለበላሁ ነው መሰለኝ መሄድ ያቃተኝ» አለን። እኛም ወይ በለው ወይ ተወው ለማለት ቸገረንና በመስኮት ወደ ውጭ አየን። ቃሊቲን አልፈን ነበር።

ሰኞ ዕለት ከባለቤቱ ጋር ቀጠሮ ነበረው። ከሕንፃው በር ላይ ተለያየን፤ መታወቂያውን አስነክቶ ገባ። ማታ ደውለን ምን እንደ ተባለ ጠየቅነው። ባለቤቱ ያን ማለዳ አልረሱትም። እንዲያውም የዳቦውን ነገር ያነሡት እርሳቸው ናቸው። በኋላም ትንሽ ዝም ብለው፣ «የሚገባህን አንተው ራስህ ጽፈህ አምጣ፤ ለማኅበርተኞቹ አቀርበዋለሁ» አሉት።

ረቡዕ ዕለት ወደ ቱሉ ዲምቱ ብንመለስ ወረቀቱን በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አገኘነው። ቀኑን ጽፏል፣ የአገልግሎት ዘመኑን ጽፏል፣ የእንቁጣጣሹንም ሌሊት በአንዲት መስመር ጠቅሷል። የድርሻውን መጠን የሚጽፍበትን ቦታ ግን ባዶ ትቶታል። «ስንት ልበል?» ብሎ ጠየቀን። አብረውት የሚኖሩት ሁለቱ ልጆችም መጥተው ቆሙ። አንደኛው አንድ ቁጥር ጠራ፤ ሁለተኛው ግማሹን ጠራ። ከዚያ ስልኩ ጮኸና ወዳጃችን ላፕቶፑን ፍለጋ ተነሣ።