ካንሰሩ ዚንኩን ለምን ያባርረዋል?

ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ከቦሌ ኤርፖርት ሲወጣ፣ ሻንጣው ውስጥ ከጫማውና ከሽቶው ጋር የቫይታሚን ብልቃጥ አይጠፋም። አንዳንዱ ላይ «ለፕሮስቴት ጤና» ተብሎ ተጽፏል። ብልቃጡ ገርጂ ወይም አያት ይደርስና፣ ሌሊት እየደጋገሙ ለሽንት የሚነሱ አንድ አባት በየቀኑ አንድ አንድ ፍሬ መዋጥ ይጀምራሉ። በብዙዎቹ እንክብሎች ውስጥ ዚንክ አለ። ግን ዚንክና ፕሮስቴት ምን አገናኛቸው?

ፕሮስቴት የትንሽ ሎሚ ያህል የሆነ፣ ወንዶች ብቻ ያላቸው እጢ ነው። ከሽንት ፊኛ ሥር ሆኖ የሽንት ቱቦውን ይከባል፤ ሲያብጥ ሽንት የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው። ሥራው ከወንድ ዘር ጋር የሚወጣውን ፈሳሽ በከፊል ማምረት ነው። በፈሳሹ ውስጥ ሲትሬት በብዛት ይገኛል። ሎሚን የሚያኮመጥጠው ሲትሪክ አሲድ የዚሁ የሲትሬት ዘመድ ነው።

ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ሌሎች ሕዋሶቻችን ሲትሬት ሲያገኙ አያስቀምጡትም፤ ማይቶኮንድሪያ በሚባለው የኃይል ማመንጫቸው ውስጥ አቃጥለው ጉልበት ያወጡበታል። ይህን ሥራ የሚያስጀምረው አኮኒቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ጤነኛ የፕሮስቴት ሕዋስ ግን ዚንክን ከደም እየሳበ ያከማቻል፤ ከሰውነታችን ለስላሳ ክፍሎች መካከል እንደ ፕሮስቴት ዚንክ የሚበዛበት የለም ማለት ይቻላል። ዚንኩ አኮኒቴዝን ይይዘዋል። ሲትሬቱም ሳይቃጠል ተጠራቅሞ ወደ ፈሳሹ ይወጣል። በአጭሩ ሕዋሱ የራሱን ጉልበት ቀንሶ ለሌላው ይሠራል።

ካንሰር ይህን ስምምነት ያፈርሰዋል። ዚንክ ወደ ሕዋሱ የሚገባበት ዚፕ-1 የተባለ በር አለ፤ በካንሰሩ ሕዋስ ላይ ይህ በር ይመናመናል። ዚንኩ ሲያንስ አኮኒቴዝ ይለቀቃል፣ ሲትሬቱ ይቃጠላል፣ ለመባዛት የሚሆን ጉልበት ይገኛል። ሌላም ጥቅም ያገኛል፦ ዚንክ ሲበዛ የፕሮስቴት ሕዋስ ራሱን እንዲያጠፋ ይገፋፋል፤ ካንሰሩ ከዚህም ያመልጣል። ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመታት የተከታተሉት በአሜሪካ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮስቴሎና ፍራንክሊን ናቸው።

«እንግዲያው ዚንክ በብዛት እንዋጣ!» ትሉ ይሆናል። ችግሩ፣ በሩ ከተዘጋ ደጅ ላይ ዚንክ ቢከመር ወደ ውስጥ አይገባም። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት 47 ሺህ ገደማ አሜሪካውያን ወንዶችን ለ14 ዓመታት ተከታትሎ ነበር። ከ100 ሚሊግራም በላይ ዚንክ በየቀኑ በእንክብል የሚወስዱት፣ ምንም ከማይወስዱት ይልቅ በተስፋፋ የፕሮስቴት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ይህ ብቻውን ጥፋተኛው ዚንኩ ነው አያሰኝም፤ ብዙ መዋጥ ይከላከላል የሚለውን ተስፋ ግን ያቀዘቅዘዋል። አንድ አዋቂ ወንድ በቀን የሚያስፈልገው 11 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ከፍተኛው ገደብ 40 ነው። ከዚያ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት መዳብ እንዳያገኝ ያደርጋል።

ዚንክ ጠላት ነው ማለታችን ግን አይደለም። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ጤና ጣቢያ ከኦአርኤስ ጋር የሚሰጠው ዚንክ ነው። እጥረቱም በአገራችን እውነተኛ ችግር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ በእህላችን ውስጥ ያለው ዚንክ ከቦታ ቦታ በጣም እንደሚለያይ አሳይቷል። በጤፍ ውስጥ ዚንክን አስሮ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ሥጋ፣ ምስርና ሽምብራም ዚንክ አላቸው።

ወደ አባትየው እንመለስ። በእሳቸው ዕድሜ ሌሊት ለሽንት መነሳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ካንሰር ባልሆነ የፕሮስቴት እብጠት ነው። ነገር ግን ሁለቱን ስሜት ብቻ አይለያቸውም፤ ካንሰሩ ደግሞ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። የሚያስፈራው እንክብሉ ራሱ ሳይሆን «መድኃኒት እየወሰድኩ ነው» ብለው ምርመራውን ማዘግየታቸው ነው። ስለዚህ አባታችሁ ወይም አጎታችሁ 50 ዓመት ከሞላቸው፣ በቤተሰብ ውስጥ በፕሮስቴት ካንሰር የታመመ ካለም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ፒኤስኤ ስለሚባለው የደም ምርመራ ሐኪም እንዲያማክሩ ንገሯቸው። ብልቃጡንም ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ የሚወስዱትን ሁሉ ማወቅ አለበት።