ከልብስ ላይ የሚገኝ ማስረጃ፡ የረገፉ የቆዳ ሕዋሳት ለወንጀል ምርመራ እንዴት ይሰበሰባሉ?

ጥቃት የደረሰበት ሰው ቤቱ እንደገባ የለበሰውን አውልቆ ማጠብ ይቀናዋል። ነገር ግን ውኃው ከእድፉ ጋር ለፍርድ ቤት ሊቀርብ የሚችለውን ማስረጃም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

የሰው ቆዳ የላይኛው ሽፋን ዘወትር ይታደሳል፤ ያረጁ ሕዋሳትም ይረግፋሉ። ልብስን የለበሰ፣ የጨበጠ ወይም የጎተተ ሰው ሕዋሳቱንና ላቡን በጨርቁ ላይ ሊተው ይችላል። ከሚረግፉት ሕዋሳት አብዛኞቹ አስኳላቸውን ያጡ በመኾናቸው ግን የሚገኘው ዘረመል (ዲ ኤን ኤ) እጅግ ጥቂት ነው።

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት አሌክ ጄፍሪስ ሰውን በዘረመል የመለየት ዘዴን ያገኙት እ.ኤ.አ በ1984 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለምርመራው በዓይን የሚታይ የደም ወይም የሌላ ፈሳሽ ምልክት ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ በ1997 ግን በአውስትራሊያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በእጅ ብቻ ከተነኩ ዕቃዎችም ዘረመል ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ።

ናሙና የሚሰበስበው ባለሙያ የራሱ ሕዋሳት እንዳይቀላቀሉ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጎ ልብሱን በንጹሕ ወረቀት ላይ ይዘረጋል። ናሙናው የሚነሣበትን ቦታ የሚወስነው የምርመራው ጥያቄ ነው። ልብሱን ማን ለብሶት እንደነበር ለማወቅ ኮሌታው፣ የእጅጌው ጫፍና የወገቡ ዙሪያ ይታያሉ። ማን እንደጎተተው ለማወቅ ደግሞ የተቀደደው ወይም የተጨበጠው ቦታ ይመረመራል።

በጨርቅ ላይ የሚዘወተረው ዘዴ ተለጣፊ ፕላስተርን በተመረጠው ቦታ ላይ ደጋግሞ በመጫን ሕዋሳቱን ማንሣት ነው። እንደ ቁልፍና ዚፕ ያሉ ለስላሳ ክፍሎች በመጀመሪያ በረጠበ፣ ቀጥሎም በደረቅ ጥጥ ይጠረጋሉ። በላቦራቶሪ ውስጥ ዘረመሉ ተለይቶ ይወጣል፤ ከተባዛም በኋላ ከተጠርጣሪው ናሙና ጋር ይነጻጸራል።

ይኹን እንጂ የዘረመል መገኘት ብቻውን ወንጀለኛን አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ በ2012 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ አንድ ሰው ዘረመሉ በሟች ጥፍር ላይ በመገኘቱ በግድያ ተከስሶ ከአምስት ወራት በላይ ታስሯል። ግድያው ሲፈጸም ግን ሰውየው ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ቀደም ብለው እርሱን የረዱት የአምቡላንስ ባለሙያዎች በዚያው ሌሊት ወደ ሟች ቤት ሄደው ነበርና ዘረመሉ በእነርሱ በኩል ሳይተላለፍ እንዳልቀረ ታምኖበት ክሱ ተነሣ። ልብስ ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወር የሌለበትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥቃት የደረሰበት ሰው በቅድሚያ ወደ ጤና ተቋም ሊሄድ ይገባል። ልብሱም ሳይታጠብና ሳይራገፍ እያንዳንዱ ለየብቻው በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ ለፖሊስ ይሰጣል። እርጥብ ከኾነ አስቀድሞ በጥላ ሥር ይደርቃል። እርጥበት የያዘ ዘር ታፍኖ ሲቀመጥ እንደሚሻግት ሁሉ በፌስታል የታሰረ እርጥብ ልብስም ይሻግታል፤ ረቂቅ ተሕዋስያኑም ዘረመሉን ያበላሹታል። ልብሱን የነካ ሌላ ሰው ካለም ለመርማሪው መንገር ያስፈልጋል፤ ንጹሕ ሰው በስሕተት እንዳይጠረጠር ይረዳልና።