ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣ ቸኮሌት ለታመመ ወዳጅ

በደብረ ማርቆስ ከተማ በሽተኛ ለመጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድም። ብርቱካን፣ ሙዝ፣ የታሸገ ጭማቂ፣ ገጠር ዘመድ ያለው ደግሞ ማርና ቅቤ ይዞ መግባት የቆየ ወግ ነው። በዐቢይ ጾም ሰሞን አንድ ጡረተኛ መምህር በዋናው መንገድ ዳር ወዳለ መደብር ገብተው የጠየቁት ግን ከእነዚህ አንዱንም አልነበረም። "ጥሩ ቸኮሌት አለህ?" ነበር ያሉት።

ወጣቱ ሻጭ በልብ ቅርጽ የተሠራ ቀይ ሣጥን ከመስኮቱ አወረደ። "ይኸው ጋሼ፤ ለልደትም ለሠርግም የሚሄደው ይኼ ነው" አላቸው።

"ለሠርግ አይደለም፤ ለበሽተኛ ነው" አሉ መምህሩ።

በሽተኛው የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው። በ1970ዎቹ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት በርካታ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አንዱ ነበሩ። አዲስ አበባ ለካንሰር ሕክምና ከርመው በቅርቡ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። መድኃኒቱ አፋቸውን ስላቆሰለውና የምግብ ጣዕም ስላሳጣቸው እንጀራ አይወርድላቸውም። ከጥቂት ቀናት በፊት ታዲያ በጨዋታ መሐል በተማሪነታቸው ዘመን ለብርዱ ብለው በካፖርት ኪሳቸው ይዘውት ይወጡ የነበረውን መራራ ቸኮሌት አነሡና "እሱን ብቀምስ" አሉ። ከታመሙ ወዲህ የሚበላ ነገር በስሙ ጠርተው ሲጠይቁ ቤተሰባቸው ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። መምህሩ ሱቅ ለሱቅ መዞር የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቀይ ሣጥኑን ገልበጥ አድርገው ሲያነቡት መራራም ሆነ ጥሩ ቸኮሌት አልነበረም። ከተዘረዘሩት ነገሮች ስኳር ቀዳሚ ሲሆን የፓልም ዘይት ተከታይ ነው፤ ካካዎ ከታች፣ በዱቄት መልክ ትንሽ ተጨምሯል።

እንዲህ ያለው ዕቃ መደርደሪያውን የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ሲያግድ ቸኮሌት ከአልኮል መጠጥና ከሽቶ ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር። እገዳው የተነሣው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ነው። እገዳው ሲነሣ ግን ዶላሩ ወጣ፤ በባንክ 57 ብር ገደማ ሲመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህ በእንዲህ እንዳለ ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላዩን የሚያቀርቡት ኮትዲቯርና ጋና በዛፍ በሽታና በአየር ጠባይ መዛባት ምርታቸው ስለቀነሰ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የአንድ ቶን ካካዎ ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ደረሰ። ከሁለት ዓመት በፊት ከ3 ሺህ ዶላር በታች ነበር። ዋጋው ኋላ ቢወርድም በዚያ ወቅት አንዳንድ ፋብሪካዎች ካካዎውን ቀንሰው በርካሽ ዘይት መተካትን መርጠዋል። በዚህ መሐል የሚጎዳው መጠቅለያውን አይቶ የሚገዛው ሸማች ነው።

መጠቅለያውን ገልብጦ ማንበብ

ጥሩ ቸኮሌት በጀርባው ላይ ያስታውቃል። የሚጻፈው ዝርዝር በብዛት ቅደም ተከተል ስለሆነ በመራራው ቸኮሌት ላይ የመጀመሪያው ቃል ካካዎ ሊሆን ይገባዋል፤ ስቡም የራሱ የካካዎው ቅቤ እንጂ የፓልም ዘይት መሆን የለበትም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ "ቸኮሌት" ተብሎ ለሚሸጥ ዕቃ ቢያንስ 35 በመቶ፣ ለወተት ቸኮሌት 25 በመቶ ካካዎ ይጠይቃል፤ ሌላ የአትክልት ስብም ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ፊት ለፊት በትልቁ 70 ተብሎ የሚጻፈው የካካዎው ድርሻ ሲሆን የቀረው በአብዛኛው ስኳር ነው።

ለጎጃም ሰው ሌላም ጥያቄ አለ። ንስሐ አባታቸው "ሕመምተኛ ነህና ብላ" ቢሏቸውም ጾም መግደፍ የማይሆንላቸው በሽተኞች ጥቂት አይደሉም፤ የመምህሩ ጓደኛም ከእነሱ አንዱ ናቸው። የወተት ቸኮሌት ይዞ መግባት እንዲህ ያለውን ሰው ከማስደሰት ይልቅ ማስጨነቅ ይሆናል። ወተት የሌለበት መራራ ቸኮሌት ግን የጾም ነው። ከዝርዝሩ በታች "ወተት ሊነካካው ይችላል" የሚል መስመር ቢገኝ በዚያው ፋብሪካ የወተት ዕቃም ይሠራል ማለት እንጂ ወተት ገብቶበታል ማለት አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው የሚይዘው ባለሦስት ማዕዘኑ ቶብለሮን ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማርና በአልመንድ ሲሠራ የኖረ፣ ማር ለሚወድ አገር የሚስማማ ቸኮሌት ቢሆንም የታወቀው ዓይነት ወተት ስላለበት ለፋሲካ መቆየት ይኖርበታል።

የአገልግሎት ማብቂያው ቀን ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በእኛ ዘመን የሚያስብ ሰው ቁጥሩን አይቶ ሰባት ስምንት ዓመት የቀረው ሊመስለው ይችላል። በቀኑ ላይ ሌላ ወረቀት የተለጠፈበትን ዕቃ መልሶ ማስቀመጥ ነው።

ነጩ ነገር ሻጋታ አይደለም

መምህሩ በሁለተኛው ሱቅ ያገኙት ቸኮሌት በዝርዝሩ ጥሩ ነበር፤ ቀኑም አላለፈም። የናሙናውን መጠቅለያ ሲከፍቱት ግን አመድ የነሰነሱበት መስሏል። ባለሱቁ ሻጋታ አለመሆኑን ምሎ አስረዳ፤ እውነቱን ነው። የካካዎ ቅቤ ከ30 ዲግሪ ትንሽ ሲያልፍ ይቀልጣል፤ መልሶ ሲረጋ ስቡ ወደ ላይ ወጥቶ ነጭ ሆኖ ይታያል። ቢበሉት አይጎዳም። ይሁን እንጂ ሲሰብሩት ቀጭ ማለቱ ቀርቶ ይፈረፈራል፤ አፍ ላይም እንደ አሸዋ ይሻክራል። አፉ ለቆሰለ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚቀልጠው ደብረ ማርቆስ ላይ ነው ማለት አይቻልም። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው፣ ከጮቄ ተራራ ብርድ የሚነፍስባት ከተማ ለቸኮሌት ማስቀመጫነት የተፈጠረች ትመስላለች። ችግሩ መንገዱ ነው። በመርከብ የመጣ ዕቃ በጂቡቲ ወደብና በቆላው በረሃ ያልፋል። ከአዲስ አበባ ሲነሣ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ፣ የዓባይን በረሃ ሙቀት ቀምሶ፣ ወደ ደጀን ይወጣል። በቀትር ሸራ ለብሶ በጭነት መኪና የሚያልፍ ካርቶን ውስጥ ያለው ቸኮሌት ቀልጦ ቢረጋ አያስደንቅም። በመስኮት ፀሐይ ላይ የተሰቀለውም ያው ነው። ስለዚህ ለማየት ከተሰቀለው ይልቅ ከጓዳ ካርቶን የሚወጣውን መጠየቅ፣ ከተቻለም በሌሊት ወይም በማለዳ በሚያልፍ መኪና ማስመጣት ይሻላል።

በዚህ ሁሉ መሐል አንዲት የማር ነጋዴ መምህሩን ይሰሟቸው ኖሮ "አንተ ልጄ፣ የጎጃም ማር እያለ ቸኮሌት ምን ያደርግልሃል?" ማለታቸው አልቀረም። አነጋገራቸው እውነት አለው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ አደይ ከፈነዳና ኑግ ካበበ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው የደጋ ማር ለበሽተኛ ሲሰጥ የኖረ ነው። የጾምም ነው። ይሁንና ማር መምረጥ ከቸኮሌት አይቀልም፤ ጀርባው ላይ የሚነበብ የለውምና። የረጋ ማር ስኳር የተቀላቀለበት ይመስላቸውና ብዙ ገዢዎች ይሸሹታል፤ የኑግ ማር ግን ንጹሕ ሆኖ ሳለ ፈጥኖ የሚረጋ ነው። ክብሪት መጫርና ውኃ ላይ ማንጠብጠብም ስኳር የገባበትን ከንጹሑ አይለዩም። የሚያዋጣው ሻጩን ማወቅ ነው። ከዚህም በላይ በመድኃኒት ምክንያት ነጭ የደም ሕዋሳቸው ለቀነሰ የካንሰር ሕሙማን ጥሬ ማር እንዳይሰጥ የሚመክሩ ሐኪሞች አሉ። መምህሩ ማሩን ያለፉት የጓደኛቸው ባለቤት ይህንኑ ስለነገሯቸው ነበር።

ለነገሩ ስጦታው ከመገዛቱ በፊት አስታማሚውን መጠየቅ በቸኮሌት ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፖታሲየም እንዲቀንስ ይነገረዋል፤ ቸኮሌት ብቻ ሳይሆን ሁላችን በፌስታል አንጠልጥለን የምንገባው ሙዝና ብርቱካንም ፖታሲየም ይበዛበታል። የስኳር ሕመምተኛ ቤት የሚደረደረው ጭማቂ ደግሞ ማን እንዲጠጣው እንደሆነ አይታወቅም። "ስኳር የሌለው" ተብሎ የሚሸጠው ቸኮሌትም በማልቲቶል የሚጣፍጥ ከሆነ ሆድ ያስቀምጣል፤ ለደከመ ሰው ሌላ ጣጣ ነው። ለውዝ ያለበት የቆሰለ አፍ ይቧጥጣል። መጠጥ የተሞላበት ቸኮሌት ለጉበት ሕመምተኛና ለእስላም ወዳጅ አይወሰድም።

መምህሩ ያሰቡትን ያገኙት በሦስተኛው ሱቅ ነው። ባለቤቱ ካርቶኑን ከጓዳ አወጣ፤ 70 በመቶ፣ ወተት የሌለበት፣ ሲሰብሩት ቀጭ የሚል ባለ 100 ግራም። ዋጋውን ሲሰሙ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አጠለቁ። አንዱን ብቻ ገዙ። በቀይ ሣጥን የተሞላው ቀይ ወረቀት ይበዛ ነበር እንጂ ለበሽተኛ በቀን አንዲት ቁራጭ ከበቃችው መቶ ግራም ሳምንት ያልፋል።

ከስልክ በኋላ፣ ሐኪሙም እንደማይጎዳቸው ከተናገረ በኋላ፣ በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ይዘውላቸው ሄዱ። ጓደኛቸው አንዲቱን ቁራጭ ሳያኝኩ ምላሳቸው ላይ አስቀምጠው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡ "የሞስኮው ከዚህ ይመር ነበር" አሉና ሁለተኛዋን ጠየቁ።