ርዕሰ መምህሩ ሲሄድ ማን ይቀራል? የዓለም አቀፍ የግል ትምህርት ቤቶች አመራር፣ መምህራንና ወላጆች



ስለ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ሲነሣ የምንከራከረው ባብዛኛው ስለ ክፍያቸውና ስለ ሥርዓተ ትምህርታቸው ነው። እኔ ዛሬ ላነሣ የምወደው ሌላ ጥያቄ ነው። መሪውም፣ መምህሩም፣ ወላጁም መንገደኛ በሆኑበት ተቋም ልጆቹን በውል የሚያውቃቸው ማን ነው?

ከጄኔቭ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1924 በዚያች ከተማ የተከፈተውን ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ያቆሙት የመንግሥታት ማኅበርና የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ባልደረቦች ናቸው፤ ለልጆቻቸው ሲሉ። ስለዚህ ወላጅ በዚያ ደንበኛ ሳይሆን መሥራች ነበር። ይሁንና ትምህርት ቤቱ መልክ የያዘው በወላጆች ብርታት ብቻ አልነበረም። ማሪ ቴሬዝ ሞሬት ከ1929 እስከ 1949 ድረስ፣ የጦርነቱን ዓመታት ጨምሮ፣ ሃያ ዓመት መርተውታል። በ1948 ለዩኔስኮ ስለ ሰላም ትምህርት ያዘጋጁት ጽሑፍ፣ በ1968 እዚያው ጄኔቭ ለተቋቋመው ኢንተርናሽናል ባካሎሬት እንደ መንገድ ጠራጊ ይቆጠራል።

ዛሬ እንዲህ ያለ ቆይታ ብርቅ ነው። ዶናልድ ሀውሊ በ1990ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ መንግሥት በሚደግፋቸው የባሕር ማዶ ትምህርት ቤቶች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የርዕሳነ መምህራን አማካይ ቆይታ 2.8 ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱን በግለሰቦቹ ድክመት ብቻ መፈለግ ስሕተት ይመስለኛል። ወላጆች ቦርዱን በሚመርጡባቸው ትምህርት ቤቶች የቦርዱ አባላት ራሳቸው ዲፕሎማቶችና የድርጅት ሠራተኞች ናቸው፤ የምደባ ዘመናቸው ሲያበቃ ይሄዳሉ። ርዕሰ መምህሩን የቀጠረው ቦርድ ሌላ፣ በሦስተኛው ዓመት የሚመዝነው ቦርድ ሌላ ይሆናል። ምን ቃል ተገብቶ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ከጠረጴዛው ዙሪያ ይጠፋል። ባለቤቱ አንድ ግለሰብ በሆነበት ትምህርት ቤት ይህ ችግር የለም፤ ነገር ግን ወላጅ ድምፅ ስለሌለው ቅሬታውን የሚገልጸው ልጁን በማስወጣት ነው።

የመምህሩም ነገር ተመሳሳይ ነው። ከውጭ የሚመጣ መምህር የመጀመሪያ ውል አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ቅጥሩ የሚከናወነው ትምህርት ከመጀመሩ ብዙ ወራት ቀድሞ ስለሆነ፣ መቆየት አለመቆየቱን በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ማሳወቅ ይኖርበታል። አገሩን በቅጡ ሳይለምድ ስለ መሄድ ያስባል ማለት ነው።

የሚቀሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ የአማርኛ መምህሩ፣ ረዳት መምህርቷ፣ ጸሐፊዋ፣ የበር ጥበቃው። እንደ ወላጅ የተገኘሁበትን አንድ ስብሰባ አልረሳውም። ርዕሰ መምህሩ መልቀቃቸውን አስታወቁ፤ የክፍሉ መምህርትም አብረው እንደሚሄዱ ተነገረ። አንዲት እናት ተነሥተው፣ “ታዲያ ልጄን የሚያውቃት ማን ይቀራል?” ሲሉ ጠየቁ። ከመድረኩ መልስ አልተገኘም። መልሱ በክፍሉ ስድስት ዓመት የሠሩት ረዳት መምህርት ነበሩ፤ ወደ ስብሰባው ግን አልተጠሩም። የደመወዝ እርከናቸውም ከውጭ ከመጡት መምህራን የተለየ ነበር።

የእርከኑን ልዩነት ሙሉ በሙሉ አላወግዝም። አገሩን ጥሎ የሚመጣ ሰው የቤት ኪራይና የአውሮፕላን ቲኬት ያስፈልገዋል። የማልቀበለው ልዩነቱ ከገንዘብ አልፎ ወደ ቃል ሲሻገር ነው፤ ማለትም ማን በስብሰባ ይናገራል፣ ማን ለወላጅ ይጽፋል፣ ማን አዲሱን መሪ ያስተዋውቃል የሚለውን ሲወስን።

ወላጅን ማሳተፍም ያለ እነዚህ ሰዎች አይሳካም። እኛ ያደግነው “ወላጅ አምጣ” በሚባልበት ትምህርት ቤት ነው፤ ወላጅ የሚጠራው ልጅ ሲያጠፋ ነበር። ስለዚህ አንድ የውጭ አገር መምህር በቅን ልቡና አባትን ለቡና ሲጋብዝ፣ አባትየው ደንግጦ “ምን አጠፋ?” ይላል። ካልመጣ ደግሞ ለልጁ ደንታ የሌለው ተደርጎ ይመዘገባል። ይህን ክፍተት የምትሞላው ስልክ አንሥታ፣ “ጋሼ፣ ምንም አላጠፋም፤ ሥራውን እንዲያዩለት ነው” የምትለው ረዳት ናት። በሥራ መዘርዝሯ ውስጥ ግን ይህ ተግባር አልተጻፈም፤ ክፍያም የለውም።

ስለዚህ የቦርድ አባላት ሲጠይቁኝ የምመክረው ሦስት ቀላል ነገሮችን ነው። የቦርዱ ወንበሮች በአንድ ዓመት አብረው አይለቀቁ፤ ለረጅም ጊዜ ካገለገሉ የአገር ውስጥ ሠራተኞች ቢያንስ አንዱ በርዕሰ መምህር መረጣ ኮሚቴ ውስጥ ይግባ፤ ተሰናባቹ ርዕሰ መምህር ለቦርዱ የገባውንና ቦርዱ የገባለትን ቃል በጽሑፍ አስፍሮ ያስረክብ። ሁለተኛው ሐሳብ ሁልጊዜ ተቃውሞ ይገጥመዋል። የተቃውሞውን ምክንያት ከእናንተ መስማት ስለምፈልግ መድረኩን ለጥያቄ ልልቀቅ።