የቅዳሜው ጨዋታ ለምን ተቋረጠ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ቤቴን ሲበጠብጥ ስለከረመ አንድ ጉዳይ ላጫውታችሁ ነው። በየቤታችሁ ወጣት ልጅ ካለ፣ አንድ ቀን ከናንተም ደጅ መድረሱ አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ19 ዓመቱ ልጄ ከአጎቱና ከአክስቱ ልጆች ጋር በየቅዳሜው በኢንተርኔት የሚጫወተው ጨዋታ አለ። የወንድሜ ልጅ ስቶክሆልም ነው። ከእህቴ ሁለት ሴቶች ልጆች ትንሿ አዲስ አበባ ትማራለች፣ ትልቋ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። እዚህ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ስቶክሆልም ከምሽቱ 12፣ አዲስ አበባ 1፣ ዱባይ 2 ሰዓት ይሆናል፤ አራቱንም የሚያገናኝ ሌላ ሰዓት አላገኙም። የዱባይዋ ለዚህ ስትል የእረፍት ቀኗን ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ተቀያይራለች።

ጨዋታው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያወጡት ነው። እንደ ዳማ ወይም እንደ ገበጣ አሸናፊና ተሸናፊ የለውም። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እገባለሁ፣ አልገባም፣ እዋጋለሁ፣ እሸሻለሁ» ይላሉ፤ ይሳካ አይሳካ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወስናል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ስሰማው «ይሄ ልጅ ትምህርቱን ሊጥል ነው» ብዬ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ቡና እያፈላሁ ጆሮዬን ጣል ባደርግ፣ አንድ ቀን እንኳ አራቱም በአንድ ቤት ተቀምጠው የማያውቁ ልጆች አንድ ዋሻ ውስጥ እንግባ አንግባ እያሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲነታረኩ ሰማሁ። እነዚሁ ልጆች በበዓል ቀን ስልክ ስንሰጣቸው «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ብለው ነው ቶሎ የሚመልሱልን። ከዚያ ወዲያ ስለ ትምህርቱ ያነሳሁት የለም።

ጨዋታው የሚስተናገደው በልጄ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ፋውንድሪ ቨርቹዋል ቴብልቶፕ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ፕሮግራም ገዝቶ ጭኗል። አስተናጋጁ አንድ ጊዜ ብቻ ይገዛል፤ እንግዶቹ ምንም ሳይጭኑና ሳይከፍሉ በብራውዘራቸው አድራሻውን ጽፈው ይገባሉ። ጠረጴዛው እኛ ቤት ነው ማለት ነው፤ እንግዶቹ በሩን አንኳኩተው መግባት አለባቸው።

ባለፈው ግንቦት አንድ ቅዳሜ እንግዶቹ በሩን አጡት። ስቶክሆልም ነጭ ገጽ ብቻ ታየው፤ ጥቂት ቆይቶ ገጹን ማግኘት አልተቻለም የሚል መልእክት መጣ። አዲስ አበባም ዱባይም እንደዚያው። ልጄ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ጫነው፣ ራውተሩን ነቅሎ ሰካው፣ ሌሊቱን ሙሉ ተፍጨረጨረ። ሁለተኛው ቅዳሜም ያው ሆነ። እኔም እንደ አባት ወግ «የነካካኸው ነገር ይኖራል» እያልኩ ስጨቀጭቀው ከረምኩ። በሦስተኛው ቅዳሜ ማታ የዱባይዋ እንዲህ ብላ ላከችልኝ፦ «ጋሼ፣ የማይስተካከል ከሆነ የእረፍት ቀኔን ልመልስላት ነው።»

ያን ጊዜ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ስለ ኮምፒውተር ብዙ አውቃለሁ አልልም። አገር ቤት የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ በነበርኩበት ዘመን የተማርኩት አንድ ነገር ግን አለ። ከክፍለ ሀገር በስልክ የተላከ ዜና በማግስቱ ሳይወጣ ከቀረ፣ ከመጮህ ይልቅ ወረቀቱ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደቆመ ተራ በተራ መጠየቅ ነው። ስልክ ተቀባዩ ጋ ነው? ታይፒስቷ ጋ? አራሚው ጋ? ወይስ ማተሚያ ቤት? (ዜና የሚቆምበት ሌላ ጠረጴዛም ነበር፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።) ልጄንም «ከቅርቡ ጠረጴዛ እንጀምር» አልኩት።

የመጀመሪያው ጠረጴዛ ራሱ ኮምፒውተሩ ነው። እዚያው ማሽን ላይ ጨዋታው ይከፈታል ወይ? ይከፈታል። እንግዲያው ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው፤ ደጋግሞ መጫኑ ከንቱ ድካም ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው ጠረጴዛ እዚያው ቤት ያለ ሌላ መሣሪያ ነው። በዋይፋይ ከተያያዘው ስልኬ ላይ የኮምፒውተሩን አድራሻ ጻፍን፦ 192.168.1.23፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ 30000። ተከፈተ። ባይከፈት ኖሮ ጥርጣሬያችን የኮምፒውተሩ ፋየርዎል ላይ ይወድቅ ነበር። ዊንዶውስ አንድ ፕሮግራም መጀመሪያ ሲነሳ ከውጭ የሚመጣ ይግባበት ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ሳያነቡ «አይ» ያሉት ሰዎች ከዚያ በኋላ ምክንያቱን ሲፈልጉ ይኖራሉ። ብዙዎች እዚህ ላይ ተናደው ፋየርዎሉን ጨርሰው ያጠፉታል። አታጥፉት፤ ለዚህ ፕሮግራም ብቻ ፈቃድ ስጡት። እ.ኤ.አ. በ2014 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በስደት ያሉ የሙያ ባልደረቦቼ ኮምፒውተር ላይ የስለላ ፕሮግራም ለመትከል መሞከሩን ይፋ ካደረገ ወዲህ፣ በዚህ ነገር ላይ እኔ ቀልድ አላውቅም።

አሁን ስለ አድራሻው ላስረዳ። እንደኔ የድሮ ሰው ለሆነ አንባቢ ከመሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ጋዜጣችን ከውጭ የሚታወቅበት አንድ ዋና ቁጥር ነበረው፤ በየክፍላችን ደግሞ የውስጥ መስመር። ከውስጥ ወደ ውጭ ለመደወል ኦፕሬተሯን «መስመር ስጪኝ» ማለት ይበቃል። ከደሴ የሚደውል ሪፖርተር ግን የውስጥ ቁጥሬን ካልነገራት ማን ጋ እንደምታገናኘው አታውቅም፤ ጥሪው እሷው ጋ ይቀራል።

ራውተር ማለት ያቺ ኦፕሬተር ናት። በ192.168 የሚጀምሩት ቁጥሮች፣ በ10 የሚጀምሩትም፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትም የውስጥ መስመሮች ናቸው፤ ከቤት ውጭ ትርጉም የላቸውም። ልጄ በመጀመሪያው ሰሞን ይህንኑ የውስጥ ቁጥር ስቶክሆልም ልኮ ነበር፤ «ቢሮ ቁጥር 23 ና» ብሎ ከተማውንና ሕንፃውን ሳይናገር እንደ መቅጠር ነው። 30000 የሚለው ደግሞ ፖርት ይባላል፤ ፋውንድሪ የሚያዳምጥበት በር ነው። ራውተሩ ውስጥ ገብቶ «በ30000 የሚመጣውን ሁሉ ወደዚህ ኮምፒውተር ምራ» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚሉት ይህንን ነው።

ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ እውነትም አንድ ጥፋት ተገኘ። ትዕዛዙ የተጻፈው ወደ 192.168.1.14 ነበር፤ ኮምፒውተሩ ግን አሁን 23 ሆኗል። ራውተሩ የውስጥ ቁጥሮችን የሚያድለው በጊዜያዊነት ነውና፣ ነቅሎ የሰካው ለት ቀይሮታል። ቁጥሩ ለዚያ ኮምፒውተር በቋሚነት እንዲያዝ አደረግንና ትዕዛዙን አስተካከልን። «አለቀ!» ብሎ ልጄ ዘለለ። አላለቀም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከውጭ መግባት አለመቻሉን ለመፈተን የቤታችሁን ዋይፋይ አትጠቀሙ። ብዙ ራውተሮች ከቤት ወጥቶ ወደዚያው ቤት የሚመለስ ጥሪ አይቀበሉም፤ ስለዚህ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ የተዘጋ ይመስላችኋል። ፖርቱ ክፍት ነው አይደለም የሚሉ ድረ ገጾችም ጨዋታው ተነስቶ ካልጠበቀ «ዝግ ነው» ነው የሚሏችሁ። እኛ ጨዋታውን አስነስተን፣ የስልኬን ዋይፋይ አጥፍተን፣ በስልክ ኩባንያው መስመር ሞከርን። ነጭ ገጽ።

የቀረው የመጨረሻው ጠረጴዛ ነው። ራውተሩ ከውጭ የተሰጠውን አድራሻ በራሱ ገጽ ላይ ያሳያል፤ «የኔ አድራሻ ስንት ነው?» ብለው የሚጠይቁት ድረ ገጽም ውጭው ዓለም የሚያየውን ይነግራል። ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። የኛ ራውተር በ100 የሚጀምር ቁጥር ይዟል፤ ድረ ገጹ ፈጽሞ ሌላ ቁጥር አለን። ልጄ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «አባዬ፣ ይሄ አዲሱ ሳጥን መቼ ነው የመጣው?» አለኝ።

እኔው ነኝ ያመጣሁት። በግንቦት አጋማሽ የቤት ኢንተርኔታችንን በሞባይል አንቴና ወደሚሠራ ርካሽ አገልግሎት ቀይሬ ነበር። በወር 25 ዶላር ያተርፋል። ልጄ ያንን ሁሉ ሌሊት ኮምፒውተሩን ሲመረምር እኔ ባተረፍኩት ሒሳብ እየተደሰትኩ ተኝቻለሁ።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ሲዘረጋ የተበጀው የአድራሻ ቁጥር በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ያህል ነው። የዓለሙ ማዕከላዊ ቋት እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ተሟጠጠ፤ የሰሜን አሜሪካው በ2015፣ የአውሮፓውና የመካከለኛው ምሥራቁ በ2019። ስለዚህ ብዙ ኩባንያዎች ለያንዳንዱ ቤት አድራሻ መስጠቱን ትተው ብዙ ቤቶችን በአንድ አድራሻ ሥር ይሰበስባሉ። ከ100.64 እስከ 100.127 ያሉት ቁጥሮች ለዚሁ ተብለው በ2012 ተለይተዋል። በኔ ምሳሌ ከኛ ኦፕሬተር በላይ ሌላ ኦፕሬተር ተቀምጣለች፤ እሷ ደግሞ የኛን የውስጥ መስመር አታውቅም፣ እኛም ልናዛት አንችልም። የኛ ሳጥን ትዕዛዛችንን እሺ ብሎ ተቀብሏል፤ ጥሪው ግን እሱ ዘንድ ደርሶ አያውቅም።

ኩባንያው ዘንድ ደወልኩ። ስሙን አልጠራም። 40 ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ አንዲት ትሑት ልጅ መስመሬን መርምራ ጤነኛ ነው አለችኝ። አልዋሸችም። ዜና አነባለሁ፣ ቪዲዮ አያለሁ፣ ይህን ጽሑፍ እልካለሁ። ለቤት ደንበኛ የራሱ አድራሻ ይሰጣል ወይ ብላት አይሰጥም አለች። እንግዲህ ማንም ከማንም ጋር በእኩልነት ይነጋገርበታል የተባለው ኢንተርኔት እዚህ ደርሷል፤ ቤቶቻችን ይደውላሉ እንጂ አይደወልላቸውም። የሚያሳዝነኝ ይህን ሲሸጡልን አለመናገራቸው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። እኛ ውጭ ያለነው ሰዎች መስመር ሲቋረጥ ጣታችንን የምንቀስረው ወደ አዲስ አበባ ነው። በ2020 ክረምት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔቱ ለሳምንታት ሲዘጋ ምንም ፖርት ብንከፍት ዋጋ አልነበረውም፤ እሱ እውነት ነው። በዚህኛው ግን የአዲስ አበባዋ ልጅ ምንም አላጠፋችም። በሞባይል ስለምትገባ እሷም ከተመሳሳይ ማዞሪያ በስተጀርባ ልትሆን ትችላለች፤ ደዋይ እንጂ ተደዋይ አይደለችምና አይከለክላትም። አስተናጋጁ ነው በር ሊኖረው የሚገባው። በር ያጣው የሜሪላንዱ ቤት ነው።

ምን አማራጭ አለ? አይፒቪ6 የሚባለው አዲሱ አድራሻ የተትረፈረፈ ነው፤ ሆኖም እንግዶቹም ሊኖራቸው ይገባል፤ ከሦስቱ አንዷ ዘንድ አልነበረም። ሁሉንም በቪፒኤን ማያያዝም ይቻላል። ይህኛውን ልጄ ሊሞክር ሲል እኔ ከለከልኩት። ኤምሬትስ ውስጥ በቪፒኤን አድራሻ ቀይሮ ወንጀል መፈጸም ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ያስቀጣል። ጨዋታ ወንጀል አይደለም፤ ግን የሰው አገር ሠራተኛ የሆነችን ልጅ፣ ስልኳ ቢታይ ማብራሪያ ወደምትሰጥበት ነገር ለምን ላስገባት?

በመጨረሻ ፍራንክፈርት ውስጥ በወር 6 ዶላር ትንሽ ሰርቨር ተከራየን፤ ከ25ቱ ላይ ተቀንሶ የምከፍለው እኔ ነኝ። ፋውንድሪን ወደዚያ አዛወርነው። የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ረጅም አደረግነው፤ ዓለም ሁሉ የሚያየው በር ያለ ቁልፍ አይተውም። አንድ የቆየ ችግርም በዚሁ ተፈታ። የኛ መስመር ወደ ውጭ የሚልከው በሰከንድ 10 ሜጋቢት ያህል ነው፤ ባለ 20 ሜጋባይት ካርታ ለሦስት እንግዳ ሲላክ 48 ሰከንድ ጥቁር ስክሪን ነበር፤ ስቶክሆልም ያለው «ተቋረጠ» ብሎ ሲወጣና ሲገባ ጭራሽ ያራዝመዋል። አሁን ካርታው የሚነሳው ከፍራንክፈርት ነው፤ ልጄም ምስሎቹን አሳንሶ ማስቀመጥ ለምዷል። ብራውዘሮች ማይክሮፎን የሚፈቅዱት በተመሰጠረ ገጽ ላይ ብቻ ስለሆነ ኤችቲቲፒኤስ መትከል ግማሽ ቀን ፈጅቶብናል።

የኢንተርኔት ኩባንያ ልትቀይሩ ካሰባችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት «የራሴ አድራሻ ነው ወይስ የጋራ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤታችሁ ውስጥ ጨዋታ የሚያስተናግድ ልጅ መኖር አለመኖሩንም ልጁን ጠይቁት።

ባለፈው ቅዳሜ 6 ሰዓት ላይ አራቱም ገቡ። ኤምሬትስ በኢንተርኔት የሚደረግ የድምፅ ጥሪ የሚፈቅደው ፈቃድ ላላቸው አገልግሎቶች ብቻ ነውና የዱባይዋ እንደ ወትሮው ድምፅዋ አይሰማም፤ በላቲን ፊደል አማርኛ ትጽፋለች፣ ታናሽ እህቷ ከአዲስ አበባ ጮክ ብላ ታነብላታለች። ያቆሙት እዚያው ዋሻ በር ላይ ነበር። «እህቴ እገባለሁ ብላለች!» ስትል ከኩሽና ሰማኋት። ዳይሱ 3 ወጣ፤ ዋሻው ምን እንዳደረጋት ባላውቅም ልጄ ወንበሩ ላይ እስኪንፈራፈር ሳቀ።