የካኦር ጥቁር ወይን ጠጅና የኬርሲ ገበሬ ማዕድ

ካኦር በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ የሎት ወንዝ እየተጠማዘዘ በሚያልፍበት ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። አገሩ በቀድሞ ስሙ ኬርሲ ይባላል። በዚህ ሸለቆና ከበላዩ ባለው ደረቅ የኖራ ድንጋይ አምባ ላይ ከሚበቅለው ወይን የሚጠመቀው መጠጥ፣ ቀለሙ እጅግ የጠለቀ ስለ ሆነ «ጥቁር ወይን ጠጅ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ይህ መጠጥ ከየትኞቹ ምግቦች ጋር እንደሚስማማ ሲነገር፣ ነገሩ የቀማሾች ምርጫ ብቻ መስሎ ይታያል። በቅርብ ሲመረመር ግን ስምምነቱ በይበልጥ የመነጨው ገበሬው የብርዱን ወራት ከሚያሳልፍበት የቤት አያያዝ ነው።

የመጠጡ መሠረት ማልቤክ የሚባለው የወይን ዘር ሲሆን፣ የአገሩ ሰዎች «ኮ» ወይም «ኦሴሯ» ይሉታል። በደንቡ መሠረት የካኦርን ስም የሚይዝ ወይን ጠጅ ከመቶ 70 እጅ ያላነሰ ማልቤክ ሊኖረው ይገባል፤ ቀሪው ሜርሎና ታናት ከሚባሉት ዘሮች ይሞላል። የማልቤክ ቅርፊትና ፍሬ ታኒን ይበዛበታል። ታኒን ቆዳ በሚለፋበት የዛፍ ልጥ ውስጥ የሚገኝ፣ ጠንክሮ በተፈላ ሻይም ላይ ምላስን የሚያደርቅ ነገር ነው። አፍ ውስጥ ሲገባ ከምራቅ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ የምራቁን ማለስለሻነት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ያልቆየ የካኦር ወይን ጠጅ ብቻውን ሲጠጣ ምላስንና ድድን ይይዛል። ከሥጋና ከስብ ጋር ሲጠጣ ግን ሻካራነቱ ይለዝባል፤ መጠጡም በበኩሉ የጮማውን ክብደት ከአፍ ያቀልላል።

የኬርሲ ማዕድ ደግሞ ስብ የማይለየው ማዕድ ነው። ገበሬው ዳክዬና ዝይ አወፍሮ ያርዳል፤ ሥጋውን በጨው አሽቶ ያሳድርና በራሱ ስብ ውስጥ በዝግታ ያበስለዋል፤ ከዚያም በማሰሮ አድርጎ፣ የቀለጠውን ስብ ከላይ አፍስሶ፣ ስቡ ሲረጋ አየር እንዳይገባው ይደፍነዋል። ይህ ምግብ «ኮንፊ» ይባላል። ቋንጣ በመድረቅ እንደሚቆይ፣ ኮንፊም በስብ ተሸፍኖ ለወራት ይቆያል። ለካኦር ወይን ጠጅ ከሁሉ የቀረበ ጓደኛው ይኸው ነው። ከዚህም በቀር በአምባው ላይ የሚሰማራው፣ ዓይኑን ጥቁር ቀለም የከበበው የበግ ዘር ጥብስ፣ ባቄላ መሰል እህል ከሥጋ ጋር የሚቀቀልበት የደቡቡ «ካሱሌ»፣ የሮካማዱር ትንሹ የፍየል አይብም ከእርሱ ጋር ይቀርባሉ። ለዓመታት ተቀምጦ የበሰለው ወይን ጠጅ ታኒኑ ስለሚለዝብ ለአደን ሥጋና ከባሉጥ ሥር ተቆፍሮ ለሚወጣው «ትሩፍ» ለተባለው ጥቁር እንጉዳይ ይመረጣል። ለስላሳ ጣዕም ያለውን ዓሣ ግን ይጫነዋል።

ወይኑና ምግቡ በአንድ ሳሕን የሚገናኙበትም ልማድ አለ፤ ስሙ «ሻብሮ» ይባላል። ተመጋቢው ሾርባውን ሊጨርስ ሲል ጥቂት ትኩስ መረቅ ከሥር ያስቀራል፤ በላዩ ቀይ ወይን ጠጅ ይጨምርና ሳሕኑን አወዛውዞ፣ በሁለት እጁ አንሥቶ ይጠጣዋል። በዚህ ልማድ ከሳሕኑ የሚባክን ነገር አይኖርም፤ የቀረው ስብም በወይኑ ይታጠባል። ልማዱ በኬርሲ ብቻ ሳይወሰን በጎረቤቶቹ በፔሪጎርና በሊሙዛን ገበሬዎች ዘንድም የታወቀ ነበር።

ይህ ስምምነት ግን ሳይቋረጥ የቆየ አይደለም (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ወይን ጠጁ በጠፍጣፋ ጀልባ በሎት፣ ቀጥሎም በጋሮን ወንዝ ወደ ቦርዶ ወደብ ይወርድ ነበር። የቦርዶ ሰዎች የራሳቸው ምርት አስቀድሞ እንዲሸጥ የሚያደርግ መብት ስለ ነበራቸው፣ የላይ አገሩ መጠጥ ወቅቱ እስኪያልፍ ይታገድ ነበር፤ ይህም መብት በ1776 በሚኒስትሩ በቱርጎ ጊዜ በአዋጅ ተሻረ። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ እኩሌታ ፊሎክሴራ የሚባለው ሥር አጥፊ ነፍሳት የወይኑን ተክል ፈጀው። ብዙ ገበሬዎችም በምትኩ ዲቃላ ዘሮችን ስለ ተከሉ ማልቤክ ከአገሩ ሊጠፋ ተቃረበ። በ1947 በፓርናክ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቁሞ ጥረቱ ሲጀመር፣ በየካቲት 1956 የወረደው ብርቱ ውርጭ አብዛኛውን ተክል ገደለ። ገበሬዎቹ ግን በዚሁ አጋጣሚ የቀድሞውን ዘር መልሰው ተከሉ፤ በ1971ም ካኦር ሕጋዊ የትውልድ ስም አገኘ።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ ወይኑ ሲመናመን ኮንፊውና ጥብሱ ከማዕዱ አለመጥፋታቸው ነው። ስለዚህ ማልቤክ ሲመለስ ስፍራው ባዶውን ይጠብቀው ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ያለው ፈተና ሌላ ነው። ማልቤክ ከ1853 ጀምሮ በአርጀንቲና ተተክሎ፣ ከዘሩ አብዛኛው የሚገኘው አሁን በዚያ አገር ነው፤ የዓለም ገበያም ለስላሳውንና ፍሬ ፍሬ የሚለውን ዓይነት ለምዷል። ከካኦር ጠማቂዎችም አንዳንዶቹ ያለ ምግብ ሊጠጣ የሚችል ለዘብ ያለ መጠጥ ማዘጋጀት ይዘዋል። ገበያው ይህን ቢጠይቅ አያስወቅስም። ይሁን እንጂ ሻካራነቱ እንደ ጉድለት ተቈጥሮ ፈጽሞ ቢወገድ፣ የማሰሮው ስብ አቻውን ያጣል፤ ጥቁሩ ወይን ጠጅም ከዚያ ማዕድ ጋር የተሳሰረበት ምክንያት ይቀርበታል። ስለዚህ የአንድን አገር መጠጥ የሚያጠና ሰው ከመጥመቂያው ቤት ሳይቆም እስከ ገበሬው ጓዳ ድረስ መዝለቅ ይገባዋል።