ስለ ግሌኔልግ መንደር አሻጋሪ ጀልባ

ወንዝ በሞላ ጊዜ ወደ ማዶ መሻገር ምን ያህል አስጨናቂ እንደ ሆነ የኢትዮጵያ ገበሬ ጠንቅቆ ያውቃል። ገበያው በማዶ፥ ዘመዱ በማዶ፥ ሐኪሙም በማዶ ሲሆን መሻገሪያ ያለው አገር ከሌለው አገር ይልቅ ዕድለኛ ነው። በአውሮፓ ሰሜን ምዕራብ፥ በስኮትላንድ አገር፥ ግሌኔልግ የምትባል ትንሽ መንደር አለች፤ የእርሷን መንገድ የሚቈርጠው ግን ወንዝ ሳይሆን ባሕር ነው። በመንደሪቱና ስካይ በምትባለው ትልቅ ደሴት መካከል ካይል ሬይ የሚሉት ጠባብ የባሕር ሰርጥ ያልፋል፤ ወርዱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ሰርጥ ላይ ግሌናኹሊሽ የምትባል አንዲት ጀልባ ሰውንና አውቶሞቢልን ታሻግራለች። የጀልባዪቱ ባለቤት መንግሥት አይደለም፤ ባለጸጋ ነጋዴም አይደለም፤ የመንደሪቱ ሕዝብ ራሱ ነው። ይህች መንደር ጀልባዋን ከዓመት እስከ ዓመት እንዴት አድርጋ እንደምታኖራት ከዚህ በታች ይገለጻል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስፍራው መሻገሪያ ከሆነ ብዙ ዘመን ነው። አውቶሞቢል ከመፈጠሩ አስቀድሞ የስካይ ሰዎች ለሽያጭ የሚነዷቸውን ከብቶች በዚሁ ሰርጥ እያዋኙ ያሻግሩ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በየዓመቱ ከ5000 እስከ 8000 የሚደርሱ ከብቶች በዚህ መንገድ ይሻገሩ እንደ ነበር ተጽፏል። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ የእያንዳንዱን ከብት የታች መንጋጋ በገመድ ያስሩና ውሃ እንዳያንቀው ምላሱን ነጻ ይተዉለታል፤ የገመዱን ሌላ ጫፍ ከፊቱ ባለው ከብት ጭራ ላይ ይቋጥሩታል። ከብቶቹ እንዲህ ተያይዘው ከተሰለፉ በኋላ የመጀመሪያውን ከብት ገመድ በጀልባ ላይ የተቀመጠ ሰው ይይዛል፥ ቀዛፊዎቹም ወደ ማዶ ይቀዝፋሉ። ነጂዎቹ ከሁሉ ይልቅ የሚጠነቀቁት ለሰዓቱ ነበር፤ ባሕሩ ጸጥ የሚልበት ሰዓት ካለፈ ውሃው ሰልፉን ሁሉ ጠርጎ ሊወስደው ይችላልና። ከብት ማዋኘት ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ለሰዓት መጠንቀቅ ግን አልቀረም።

የውቅያኖስ ውሃ እንደ ሐይቅ በአንድ ልክ አይቆምም። በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት ስድስት ሰዓት ያህል ይሞላል፥ ስድስት ሰዓት ያህልም ይጐድላል። ጨረቃ በምትወለድበትና ሙሉ በምትሆንበት ጊዜ የሁለቱ ስበት ስለሚተባበር ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል፤ ግማሽ በምትሆንበት ጊዜ ደግሞ ይደክማል። ሰፊ ባሕር በጠባብ በር እንዲያልፍ ሲገደድ ፍጥነቱ ይጨምራል። ስለዚህ በካይል ሬይ ሙላቱ በሚበረታበት ቀን ውሃው በሰዓት እስከ 15 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ይህም ከእግረኛ ርምጃ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ደግሞም እንደ ወንዝ ዘወትር ወደ አንድ ወገን አይፈስም፤ አንድ ጊዜ ወደ ሰሜን ሲሄድ ቆይቶ ሌላ ጊዜ ወደ ደቡብ ይመለሳል።

የጀልባዪቱ አለቃ ይህን ሁሉ በልቡ መያዝ አለበት። የሞላ ወንዝ የሚሻገር ዋናተኛ ፊቱን ወደ ውሃው መምጫ ሰጥቶ በሰያፍ እንደሚዋኝ፥ እርሱም የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ውሃው መምጫ አዙሮ በጎን እያንሸራተተ ያሻግራታል። በቀጥታ ወደ ማዶ ቢያቀናት ከማረፊያው ርቃ ትወሰድ ነበር። መሻገሩ 5 ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጃል፤ ነገር ግን ነፋሱ ከደቡብ እየነፈሰ ውሃው ወደ ደቡብ የሚሮጥ እንደ ሆነ ሁለቱ ይጋጩና አጭርና ቀጥ ያለ ሞገድ ያስነሣሉ። ይህ ሲበረታ ጀልባዋ ታስራ ትውላለች። ከሩቅ የመጣ መንገደኛ በዚህ ያጕረመርም ይሆናል፤ ሆኖም አለቃው ከሚመሰገንባቸው ነገሮች አንዱ መቼ እንደማይሻገር ማወቁ ነው።

ጀልባዪቱ የተሠራችው በ1969 ዓ.ም. በስኮትላንድ፥ በትሩን ከተማ ነው። በመጀመሪያ ባላኹሊሽ በሚባል ስፍራ ታሻግር ነበር፤ በ1975 ዓ.ም. በዚያ ድልድይ ተከፈተና ሥራ ፈታች። ከዚያም በኋላ በሌሎች መሻገሪያዎች ተጠባባቂ ሆና አገለገለች፤ በእነዚያም ስፍራዎች በኬሶክ በ1982፥ በካይልስኩ በ1984 ዓ.ም. ድልድዮች ተከፈቱ። ድልድይ ከስፍራ ወደ ስፍራ አሳደዳት ቢባል ሐሰት አይሆንም። ወደ ግሌኔልግ የመጣችው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፥ ለብዙ ዘመን የግል ሰዎች ንብረት ሆና ሠርታለች።

አሠራሯ ከሌሎች ጀልባዎች የተለየ ነው። በወለሏ ላይ እንደ ወፍጮ ድንጋይ በመካከሉ ባለ ምሰሶ የሚዞር ሰፊ መድረክ አለ፤ 6 አውቶሞቢል ይይዛል። ጀልባዋ ወደ ውሃው በሚወርደው የድንጋይ መንገድ አጠገብ በጎኗ ትጠጋለች። መርከበኞቹም መድረኩን በእጃቸው ገፍተው ጫፉን ወደ የብስ ያዞሩታል፤ መወጣጫውን ይዘረጋሉ፥ አውቶሞቢሎቹም አንድ በአንድ ይገባሉ። ከዚያ መድረኩ ተመልሶ ከጀልባዋ ርዝመት ጋር ይስተካከላል፤ በማዶም እንደዚሁ ተገፍቶ ይከፈታል። ሞተር መድረኩን አያዞረውም፤ የሚያዞረው የሰው ትከሻ ነው። ክብደቱ በመካከል ከተመዛዘነ ጥቂት ሰዎች ያለ ብዙ ድካም ይገፉታል፤ ካልተመዛዘነ ግን ይከብዳቸዋል፤ ስለዚህ የትኛው አውቶሞቢል ከየት እንዲቆም ማመልከት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ይህን የመሰሉ ጀልባዎች ቀድሞ በስኮትላንድ ብዙ ነበሩ፤ ዛሬ በዓለም ላይ በሰው እጅ የሚዞር መድረክ ይዛ የምትሠራ የመጨረሻዪቱ እርሷ ናት።

በ1995 ዓ.ም. ከግሌኔልግ በስተ ሰሜን ወደ ስካይ የሚያሻግር ታላቅ ድልድይ ተከፈተ። በመጀመሪያ አላፊው ሁሉ ቀረጥ ይከፍል ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ቀረጡ ተሰረዘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀልባዋ ከነጻ መንገድ ጋር መወዳደር ግድ ሆነባት። የጀልባዋ የግል ባለቤት ሥራውን በተወ ጊዜም መንደሪቱ አንድ ጥያቄ ገጠማት፤ ጀልባዋን ማን ይገዛል? ነጋዴ ቢያሰላው ከነጻ ድልድይ አጠገብ የሚከፈልበት አሮጌ ጀልባ መግዛት የሚያዋጣ አይመስልም። የመንደሩ ሰዎች ግን ሌላ ነገር አሰሉ። ከግሌኔልግ ወደ ድልድዩ ለመድረስ ከፍ ያለ ተራራ በጠባብ መንገድ ወጥቶና ወርዶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። ጀልባዋ ከቀረች የመንደሩ መንገድ መጨረሻው እዚያው ይሆናል፤ ወደ ስካይ የሚያልፍ ሰው ስለማይኖር ሱቁም ማደሪያ ቤቱም እንግዳ ያጣሉ። ስለዚህ ማኅበር አቋቁመው በ2007 ዓ.ም. ጀልባዋን የሕዝብ ንብረት አደረጉ።

የማኅበሩ ሕግ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በብሪታንያ በ2004 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ለሕዝብ ጥቅም የሚሠራ ልዩ ዓይነት ኩባንያ ማቋቋም ተፈቅዷል። እንዲህ ያለው ኩባንያ እንደ ማንኛውም ነጋዴ ይሸጣል፥ ይገዛል፥ ደመወዝም ይከፍላል፤ ንብረቱ ግን በሕግ የተቈለፈ ነው። አባሎቹ ጀልባዋን ሸጠው ገንዘቡን ሊካፈሉት አይችሉም፤ ማኅበሩ ቢፈርስ እንኳ የተረፈው ንብረት የሚተላለፈው ይህን ለመሰለ ሌላ የሕዝብ ማኅበር ነው። ገንዘብ በበዛ ጊዜ ጠብ የሚያስነሣው ብዙውን ጊዜ የክፍያው ነገር ስለ ሆነ፥ ቍልፉን አስቀድሞ ማበጀት ብልኅነት ነው።

ወደ ዓመቱ ወራት እንመለስ ቢባል አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በስኮትላንድ የሙቀት ወራት የሚባሉት በኢትዮጵያ ዝናም የሚጥልባቸው ሰኔ፥ ሐምሌና ነሐሴ ናቸው፤ የብርዳቸው ወራት ደግሞ በኢትዮጵያ መከር የሚሰበሰብባቸው ናቸው። አገሩ ወደ ሰሜን ዋልታ የቀረበ ስለ ሆነ በሰኔ ቀኑ ወደ 18 ሰዓት ይረዝማል፤ በታኅሣሥ ግን 7 ሰዓት አይሞላም። ጀልባዪቱም የምትሠራው በምዕራባውያን አቆጣጠር ፋሲካ ሲደርስ ጀምራ እስከ ጥቅምት ድረስ ነው። በልማድ ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፥ በሙቀቱም ወራት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፥ በየ20 ደቂቃው ገደማ ትመላለሳለች።

የጸደዩ ሥራ ጭር ያለ ነው። መንገደኛው ጥቂት፥ ነፋሱም ገና ብርቱ ነው፤ ቀንና ሌሊት በሚተካከሉበት በዚያ ወራት የባሕሩ ሙላትም ከሌላው ጊዜ ይበልጣል። ውሃው ሲጐድል የድንጋዩ መንገድ ርቆ ይገለጣል፤ በላዩ የሚበቅለው የባሕር አረም የአውቶሞቢል ጎማ ስለሚያንሸራትት ሳይጠረግ ሊተው አይገባም።

በሙቀቱ ወራት ግን አገሩ በእንግዶች ይሞላል። ብዙዎቹ ድልድይ ያጡ አይደሉም፤ መድረኩ በእጅ ሲዞር ለማየት፥ በሰርጡም የሚታዩትን የባሕር ውሻዎች፥ አቆስጣዎችና ነጭ ጭራ ያላቸውን ንስሮች ለመመልከት ሲሉ ተራራውን ወጥተው የሚመጡ ናቸው። በማረፊያውም አጠገብ ከሳንዳይግ ደሴቶች ተነሥቶ የመጣ አሮጌ የመብራት ቤት ቆሟል። ድልድይ የወሰደባትን መንገደኛ ጀልባዋ ከሞላ ጐደል በዚህ ታስመልሳለች። አሮጌነቷ ሀብቷ ሆነ ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ሀብት ለመጠበቅ ውድ ነው።

በእነዚያ ወራት ሣጥኑ ይሞላል፤ ፈተናውም ያን ጊዜ ይመጣል። ገበሬ በአንድ ወር የወቃውን እህል ጎተራ አግብቶ እስከ ሚቀጥለው መከር እንደሚቈጥበው፥ ማኅበሩም በስድስት ወር ገደማ ያገኘውን ለዐሥራ ሁለት ወር ማብቃት አለበት። በነሐሴ ከሚሰበሰበው ገንዘብ የመርከበኞቹ ደመወዝና የነዳጁ ዋጋ ወዲያው ይወጣል፤ ይህ ለዐይን ይታያል። የመድን ክፍያው፥ የብርዱ ወራት ጥገናና የሞተሩ እርጅና ግን ገና ስለ ሆኑ አይታዩም። በአንድ ጉዞ ከ6 አውቶሞቢል በላይ መጫን ስለማይቻል፥ በማዕበል የጠፋውን ቀን በሌላ ቀን አብዝቶ በመጫን መተካት አይገኝም። ዋጋውን እጅግ ቢያስወድዱት መንገደኛው ወደ ነጻው ድልድይ ይሄዳል፤ እጅግ ቢያረክሱት ጎተራው ባዶ ይሆናል። ከመንደሪቱ ሰዎች መካከል ሒሳብ የያዘው ሰው ከመሪው ያላነሰ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

በጥቅምት ቀኑ ሲያጥር አገልግሎቱ ይቆማል። የሚያልፈው ሰው በዚህ ጊዜ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የጀልባዋ ዕድሜ የሚወሰነው በዚህ ወራት ነው። ጨው ያለበት ውሃ ብረትን ይበላል። ከውሃው በታች ባለው አካሏም አረምና ቀፎ ያላቸው ጥቃቅን እንስሶች ይጣበቃሉ፤ እነዚህ ጀልባን ያዘገያሉ፥ ነዳጅም ያስፈጃሉ። ስለዚህ ከውሃ ወጥታ ሆዷ ይፋቃል፥ የዛገው ይመታል፥ የሳሳው ብረት ይለወጣል፥ ቀለምም ይቀባል። ለብዙ የብረት መርከቦች ከሆዳቸው ላይ የዚንክ ቍራጭ ይታሰርላቸዋል፤ ዚንክ በጨው ውሃ ውስጥ ከብረት ቀድሞ ስለሚበላ፥ እርሱ እያለቀ ብረቱን ያድናል። ያለቀው ዚንክ በየጊዜው በአዲስ ይተካል። የመድረኩ መሽከርከሪያ ይፈታል፥ ይታጠባል፥ በቅባት ይታሻል። አምሳያ የሌላት ጀልባ ስለ ሆነች የተሰበረባትን ከሱቅ ገዝቶ መተካት ብዙውን ጊዜ አይቻልም፤ በልኳ ማሠራት ያስፈልጋል፥ ይህም ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። በመጨረሻም የመንግሥት የባሕር መርማሪዎች ሆዷን፥ ሞተሯን፥ የእሳት ማጥፊያዋንና የመንሳፈፊያ ዕቃዋን ይመረምራሉ። እነርሱ ካልፈቀዱ አንድ መንገደኛ እንኳ ማሳፈር አትችልም። ጥገናው ሲዘገይ መንደሪቱ የምታጣው የብርዱን ወራት አይደለም፤ የፋሲካን ገበያ ነው።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ጀልባዋ ወደ ካይል ሬይ ትመለሳለች። መርከበኞቹ ውሃው ጸጥ የሚልበትን ሰዓት ጠብቀው ማረፊያውን ያስጠጓታል፤ መድረኩን በባዶው አንድ ጊዜ ገፍተው ያዞሩታል፥ አለመንቀፍቀፉንም ያዳምጣሉ። ከዚያም ከድንጋዩ መንገድ ራስ ላይ ለሚጠብቀው ለመጀመሪያው አውቶሞቢል በእጃቸው ምልክት ይሰጡታል።